የእናቴ ስለትና ባለ ረጅም ቀንዱ ጢንዚዛ

ትናንት የወንድሜ ልጅ ከላሊበላ የጢንዚዛ ፎቶ በስልክ ላከችልኝ። «አክስቴ፣ ከአዲሱ አጥራችን ነው የወጣው፤ ስሙን ንገሪኝ» ትላለች። ቀንዶቹ ከገላው ይረዝማሉ። ሳየው እንደ ድሮ ጓደኛ ፈገግ አልኩለት። ድሮ ግን አስለቅሶኛል።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ወንድሜ ከከባድ ሕመም ሲድን እናቴ ለእመቤታችን የተሳለችውን አስገባች፤ ብልባላ አጠገብ ላለችው ደብራችን፣ ለዕቃ ቤቱ ጣሪያ የሚሆን ባሕር ዛፍ። ለበዓሉ ለማድረስ ስትጣደፍ ግማሹ ሳይላጥ ተጫነ፤ እንዳለም ጣሪያ ላይ ወጣ። ዓመት ሳይሞላው ጢንዚዛ ከእንጨቱ ይወጣ ጀመር።

ቄሰ ገበዙ ደነገጡ። «ነቀዝ ነው! መጻሕፍቱንም ከበሮውንም ይጨርሰዋል። እሑድ እንጨቱ ይነሣ» አሉ። በእኛ አገር ስለት ከደብር መመለሱ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ «እመቤቴ አልተቀበለችኝም፤ ልጄን መልሳ ልትወስድብኝ ነው» ብላ እህል አልቀምስ አለች።

አንዱን ጢንዚዛ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከትቼ፣ በሶዬን ቋጥሬ ላሊበላ ወዳለው ትምህርት ቤቴ ገሠገሥኩ። ጥቅምት ነው፤ ጤፉ ዳር እስከ ዳር ይወዛወዛል። እኔ የምሰማው ኪሴ ውስጥ ሲጥ ሲጥ የሚለውን ብቻ ነበር።

የባዮሎጂ አስተማሪያችን በአጉሊ መነጽር ደጋግመው አዩት። «ዓይኑ የቀንዱን ሥር ከብቦታል፤ ከባለ ረጅም ቀንዶቹ ወገን ነው። ዝርያውን ግን አላውቀውም» አሉኝ። ግማሹ እንጨት ሳይላጥ ጣሪያ ላይ እንደወጣ ነገርኳቸው። «ከተላጠው እንጨት ነው የወጣው ወይስ ካልተላጠው?» አሉኝ።

አላየሁም ነበር! አፈርኩ።

«ሂጂና እዪ። ካልተላጠው ብቻ ከሆነ፣ እንጨቱ እርጥብ ሳለ ልጣጩ ላይ የተጣለ እንቁላል ነው። የተላጠ ደረቅ እንጨት ላይ ዳግም አይጥልም፤ መጽሐፍም አይነካም።»

በማግስቱ የነገሩኝን ሳወራላቸው ቄሰ ገበዙ ራሳቸው መሰላል ወጡ። እኔና እናቴ ከታች አንገታችንን ሰቅለን ቆምን። ከላይ ብዙ ቆዩ።

«ልጄ፣ ያልተላጠው ወንፊት ሆኗል» አሉ። «የተላጠው አንድ ቀዳዳ የለበትም!»

«እንግዲያ ይመለሳል አባ?» አለች እናቴ።

«ይላጣል እንጂ ምን ሊደረግ ይመለሳል!»

እናቴ መሬቱን ሳመች። ቀና ስትል ያለችው «በሶ ተርፎሻል?» ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የዝርያውን ስም ዛሬም አላወቅሁትም። እናቴ አርፋለች፤ ጣሪያዋ ግን ቆሟል። ለልጅቷ «ስሙ ይቆየን፤ አጥሩን ስትሠሩ እንጨቱን ላጣችሁት?» ብዬ ጻፍኩላት።

ወዲያው መለሰችልኝ፦ «አይ፣ አባዬ ቸኩሎ ነበር።»

አባዬ የምትለው ያኔ የታመመውን ወንድሜን ነው። ብቻዬን ሳቅሁ፤ እናቱን ይመስላል።