እስከ ሰባት መቁጠር

ብርቱካን ሠርግ ስትቀርጽ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የማያውቃት ሰው ጸሎት የምታደርስ ይመስለዋል። እየቆጠረች ነው። ካሜራዋን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ስታዞር፣ በምስሉ አንድ በኩል ብቅ ያለው ፊት በሌላው በኩል እስኪወጣ ድረስ ሰባት ትቆጥራለች።

እኔ ሙላቴ እባላለሁ፤ ደብረ ታቦር ላይ ከሷ ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራ የፎቶ ኮፒና የሕትመት ቤት አለኝ። ሠርግ ሲኖራት መብራት እይዝላታለሁ። ስድስት ዓመት ቤይሩት የሰው ቤት ጠርጋ ስትመለስ ወርቅ ወይ ቦታ መግዛት ሲገባት ካሜራ ገዛች። ካሜራ ተሸክመሽ ዳስ ለዳስ ስትዞሪ ማን ያገባሻል ብያታለሁ። አፌ እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜ ይቀድመኛል።

የሷ ነገር ሁሉ ሲኒማ ነው። ሌሎቹ ቀራጮች ካሜራቸውን በሰከንድ ሃምሳ ስልሳ ፎቶ እንዲያነሣ ሲያደርጉት፣ እሷ ሃያ አራት ላይ ታቆመዋለች።

«ቪዲዮ እኮ የተደረደረ ፎቶ ነው ጋሼ» ትለኛለች። «ሃያ አራት ላይ ሲሆን እንደ ፊልም ያምራል። ግን ችኮላ አይወድም። ቶሎ ካዞርኩት ምስሉ ይንገጫገጫል፣ ፊቱም ተጎትቶ ይደበዝዛል።»

ባለፈው ኅዳር ወይዘሮ ፈንቴ ከአንበሳሜ መጡ። ልጃቸው ደረጄ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በወባ ሞቶ ነበር። አብረውት የወረዱት ልጆች እዚያው ቀብረውት ተመለሱ። ስልኩም መታወቂያውም የገቡበት አልታወቀም። ለቅሶው ለማግስቱ ተቀጥሯል፤ ሬሳ የለ፣ ይዘው የሚያለቅሱበት ፎቶ የለ። አንድ ነገር ብቻ ትዝ አላቸው። ጥር ላይ በእህታቸው ልጅ ሠርግ ደረጄ አሳላፊ ነበር፤ ሠርጉን የቀረጸችው ደግሞ ብርቱካን ናት።

«ፊቱን ብቻ አውጪልኝ ልጄ፤ ሌላ አልፈልግም» አሏት።

ብርቱካን ኮምፒውተሩን ከፈተች። የተገኘውን ላትም ጠርታኝ ከኋላቸው ቆምኩ። አንድ ቦታ ላይ ጀርባው ታየ። ሌላ ቦታ እጁና የጠላው ጆግ ብቻ። ፊቱ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ካሜራው ከሙሽራዋ ወደ ዳሱ በር ሲዞር፣ መሐል ላይ።

«ይኸው! እሱ ነው!» ብለው ወይዘሮ ፈንቴ ከወንበሩ ተነሡ። «እየሳቀ ነው እኮ!»

ብርቱካን አቆመችው። ሲቆም ፊት የለም። ጎን ለጎን የተጎተተ ጠይም ነገርና ነጭ ሸሚዝ ብቻ፤ ዓይኑ የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም። አንድ ፎቶ ወደፊት ገፋችው፤ ያው ነው። አንድ ወደኋላ መለሰችው፤ ያው ነው። ስታስኬደው ልጁ ይስቃል፤ ስታቆመው ይጠፋል።

«ስልሳ ላይ ብቀርጽ ኖሮ ምናልባት አንዷ ትተርፍ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አልቆጠርኩለትም።»

ምናልባት ጥራቱ ይሻል ይሆናል ብላ ያልተቀናበረውን ቅጂ ከፈተች። ምስሉ ለውጥ የለውም። ድምፁ ግን በዘፈን አልተሸፈነም፤ ከነጫጫታው አለ። ካሜራው ደረጄ ጋ ሲደርስ አንድ ሰው ሲጮኽ ተሰማ።

«ኧረ እሱን እለፊው፤ አሳላፊ ነው! ሚዜዎቹ ገቡ፣ ቶሎ ዙሪ!»

ድምፁ የኔ ነው።

ወይዘሮ ፈንቴ እንድትደግመው ጠየቋት። ደገመችው።

«ማነው ይኼ ሰው?» አሉ።

ብርቱካን ወደ እኔ ዞር አላለችም። «ያዞርኩት እኔ ነኝ እማማ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

አፈርኩ። ዓይኔን ከኮምፒውተሩ አላነሣሁም።

ወይዘሮ ፈንቴ «እንግዲያው እሱኑ አትሙልኝ» አሉ። ሱቄ ገብቼ በትልቁ አተምኩት። ወረቀቱን በነጠላቸው ሸፍነው «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» ሲሉኝ በአንገቴ ብቻ እጅ ነሣሁ። ብናገር ድምፄን ይለዩታል።

ብርቱካን በማግስቱ ለቅሶ ሄደች። ለቅሶተኛው ፎቶውን እየተቀባበለ «ፊቱ የቱ ጋ ነው?» ሲል እናትየው በጣታቸው ያሳዩ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ አሳላፊ ፊት ስትደርስ ካሜራዋን ታዘገያለች፤ ሰባት ሳትሞላ አታልፍም። ሚዜዎች ያጉረመርማሉ። እኔ መብራቱን ይዤ ከጎኗ እቆማለሁ፤ ቶሎ ዙሪ ማለት ትቻለሁ።

አንድ ቀን «ያን ዕለት ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት።

«እርስዎ ይነግሯቸዋል ብዬ ነው ጋሼ» አለችኝ።

አንበሳሜ ደርሶ ለመመለስ አንድ ቀን ይበቃል። እስካሁን አልሄድኩም።