ከባቲ የመጣው ብሎን

ትናንት ከአንድ አሮጌ ፒካፕ ሞተር ላይ የማሳውን ብሎን ስፈታ እጄ ላይ ተሰበረ፤ ግማሹ መፍቻዬ ውስጥ፣ ግማሹ ሞተሩ ውስጥ ቀረ። ባለቤቱ "ምን ሰበርክብኝ?" ብሎ አፈጠጠብኝ። እኔ እሱን አልሰማሁትም። ዝገት፣ ናፍጣ፣ ከሥሩም የተቃጠለ የሽቦ ልባስ ሸተተኝ። ከሚሴ ግቢያችን ውስጥ የቆመችው የአባቴ መኪና እንዲህ ነበር የምትሸተው።

ማሳ የሚባለው፣ ለማያውቅ ሰው፣ ሞተሩን ከመኪናው ገላ ጋር የሚያስተሳስር ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። እሱ ከላላ መኪና እንደ ሰካራም ይሆናል፤ ፍሬን ስትረግጥ መብራቱ ይደክማል፣ ክላክሱን ስትነካው ያቃስታል። የአባቴ መኪና ብሎን የተሰበረው ጨፋ ሮቢት ማሽላ ሲጭን ነው። አባቴ ነገን የሚወድ ሰው ነበርና ገመዱን በቀጭን ሽቦ ጠምጥሞ አሰረና "ኢንሻአላህ ሰኞ ባቲ ስወርድ ብሎን እገዛለሁ" አለ። ሰኞ ይመጣል፣ ሰኞ ይሄዳል፤ ከገበያው ፍየሉንም ጨውንም ሰውንም ጭኖ ይመለሳል፣ ብሎኑ ይረሳል። እናቴ "የዚህ ሰው ሰኞ የምትመጣው የቂያማ ቀን ነው" እያለች ትስቅበት ነበር።

የመጨረሻዋ ሰኞ ከባቲ ሲመለስ ወባ ያንቀጠቅጠው ነበር። መኪናዋን ግቢያችን ካለው ዋንዛ ሥር አቆመና መብራቷን እንኳ ሳያጠፋ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ገባ። በራሱ እግር ዳግመኛ አልወጣም፤ አላህ ይርሐመው። መብራቱ ግን ብዙም ሳይቆይ በራሱ ጠፋ። ማብሪያው እንደተከፈተ መቅረቱን ያን ጊዜ ማን ልብ አለ?

ለቅሶ ደራሹ ተበትኖ ክረምቱ ሲገባ መኪናዋ ማየት ጀመረች። ከመግሪብ በኋላ ነፋስ ተነስቶ የዋንዛው ቅርንጫፍ ጣራዋን ሲገፋት ሁለቱም መብራቶቿ ብልጭ ይላሉ፤ ጭቃውን፣ አጥሩን፣ የእኛን በር አሳይተው እንደገና ይጠፋሉ። ጎረቤቱ ሁሉ "ጂን ሰፍሮባታል" አለ። እኔም ጢም ሊያበቅል የደረሰ ጎረምሳ ሆኜ ሳለ ለሽንት መውጣት ፈራሁ። ዱዓ የሚያደርጉ አንድ ሽማግሌ ተጠሩ። ውሃ ላይ ቁርአን አንብበው ኮፈኑ ላይ ረጩና "ውጣ፣ አንተ የአላህ ጠላት!" ብለው በከዘራቸው መታ ሲያደርጉት ሁለቱ ዓይኖቿ ቦግ አሉ። ሽማግሌው "አዑዙ ቢላህ!" ብለው አንድ ጫማቸውን ጭቃው ውስጥ ጥለው ወጡ። ጫማውን ያደረስኩላቸው እኔ ነኝ፤ ባጥር ላይ ወርውሬ።

እናቴ ብቻ አልፈራችም። መግሪብን ሰግዳ ትወጣና ትከሻዋን የመኪናዋ በር ላይ አስደግፋ ትቆማለች። ስለ ላሚቱ፣ ስለሚያፈሰው ጣራ፣ ስለ እኔ አስቸጋሪነት ለአባቴ ትነግረዋለች። በመጨረሻ "ማል ጄታ፣ አባ ሰይድ? ምን ትላለህ?" ትላለች። መብራቱ ብልጭ ይላል። "እሺ" ትልና ትገባለች። እኔ የቤቱ በር ሥር ሆኜ ጠጉሬ ይቆማል። አባቴ እዚያ ውስጥ መኖሩን አልተጠራጠርኩም። ግን እኔን አንድ ቀን እንኳ አላናገረኝም፤ ለዚህም ቂም ያዝኩበት።

ከዚያ ማሽላው አለቀ። የአባቴ ታናሽ ወንድም መጣና፣ እናቴ ያቀረበችለትን እየበላ፣ "ይቺ መኪና እስከ ጁምዓ ካልተነሳች ቆራርጬ ለብረት እሸጣታለሁ" አለ። የሥጋ ዘመድ ማለት ይኸው ነው፤ ጎተራህ ሙሉ ሲሆን ይስቅልሃል፣ ሲጎድል መዶሻ ይዞ ይመጣል።

በማግስቱ ቢስሚላህ ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ። አባቴ የጠመጠመው ሽቦ ዝጎ ተንጠልጥሏል፤ መኪናዋን ሰው ሲገፋት ይነካል፣ ሲተዋት ይለቃል። ጂኑም አባቴም ያቺ ሽቦ ነበሩ። ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ።

"እማ፣ አባዬ አይደለም። ሽቦ ነው።"

የሻሿን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤ ከውስጡ ዘይቱ ያልደረቀ አዲስ ብሎን ወጣ።

"አውቃለሁ፣ ልጄ። በዚያች ሰኞ ከባቲ ይዞት መጥቶ ነበር። ልብሱን ሳጥብ ከኪሱ አገኘሁት።"

"እያወቅሽ ነው እንዴ የምታናግሪው?"

"ስደገፈው እንደሚበራማ አውቃለሁ። እሱስ በሕይወቱ ሳለ ሳልገፋው መልሶልኝ ያውቃል?"

ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። "እንካ፣ ሥራት። ረሃብ ምን ትላለህ ቢሉት አይሰማም።"

ስባሪውን ናፍጣ አጠጣሁት፣ ጠርዙን በሹል ብረት እየመታሁ ጥቂት በጥቂት አዙሬ አወጣሁት፣ ዝገቱንም ብረቱ እስኪያበራ ፋቅሁት። ገመዱን የያዘችልኝ እናቴ ናት። አዲሱን ብሎን ሳስገባ "አጥብቀው" አለችኝ። አጠበቅኩት። መብራቱ በራ፤ የባትሪው አቅም አልቆ ደብዘዝ ይበል እንጂ አልተርገበገበም። እናቴ ሄዳ በሩን ተደገፈች። መብራቱ እንደበራ ቀረ። አፏን ከፈት አደረገች፣ ግን "ማል ጄታ" አላለችም።

መኪናዋ ሠራች፣ እኛም በላን። መሪው ለእኔ ደረሰኝ፤ እኩዮቼ ደብተር ይዘው ሲገቡ በመስኮት እያየኋቸው አለፍኩ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። እናቴ ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ከመግሪብ በኋላ ግን ግቢው ውስጥ ቆማ አላየኋትም። ዛሬ እሷም የለች፣ ዋንዛውም ተቆርጧል፣ መኪናዋም በመጨረሻ ለብረት ተሽጣለች። ሰው ሲሰማ "ቤተሰብህን አተረፍክ" ይለኛል። እውነት ነው፣ አትርፌያለሁ። አባቴ ግን ያን ብሎን ያጠበቅኩ ቀን ነው የሞተው።

ትናንት የዚያን ሰው ብሎን ቀይሬ ጨረስኩለት። አስነሳ፣ መብራቱን አበራ፤ ጸጥ ብሎ በራ። ሊሄድ ሲል ትከሻዬን የመኪናው በር ላይ ጣል አደረግኩ።

"ምነው፣ ሌላም ችግር አለው እንዴ?" አለኝ።

"የለውም" አልኩትና ለቀቅሁት።