ግንዴን ይዤ መፍለጫ ማሽን ልገዛ ሄድኩ

ዛሬ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ የግራር ግንድ ታቅፌ ሱቅ ስገባ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ትከሻዬ ከታመመ ወዲህ ፋስ ማንሳት አልችልም። ዘመዶቼ «ፈላጭ ቅጠሪ» ይሉኛል። እኔ ግን የቤቴን እንጨት ራሴ መፍለጥ ስለምፈልግ የኤሌክትሪክ መፍለጫ ልገዛ ወጣሁ።

ሻጩ ትልቁን ማሽን አሳየኝ። «የቤቴ መብራት ይችለዋል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ባልሽ ይምጣና ላስረዳው» አለኝ።

ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ከመቃብር አስነስቼ ላምጣው እንዴ?

«ለእኔ አስረዳኝ» አልኩት።

«እንግዲያው ትልቁን የቤትሽ መብራት አይችለውም፤ ትንሹን ውሰጂ። ግን ቀጭን እንጨት ብቻ ነው የሚፈልጠው።»

«እኔ የማነደው ይሄን ነው» ብዬ ግንዴን ፊቱ አስቀመጥኩ። «ይፍለጠውና እገዛለሁ።»

እየሳቀ ትንሹን ማሽን ሰክቶ ግንዱን አስገባበት። ማሽኑ አቃስቶ ቀጥ አለ። የቆሙት ሁሉ ሳቁብኝ፤ ፊቴ ጋለ፣ ግን አልወጣሁም። ግንዱን አዙሬ፣ ጉጡን ከስለቱ አርቄ፣ ራሴ አስነሳሁት። ግንዱ ለሁለት ተሰነጠቀ።

«ወላሂ፣ ማሽኑን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ» አለ ሻጩ።

«ማሽኑን አይደለም፣ እንጨቱን ነው የማውቀው» አልኩት።

ትንሹን ገዝቼ እዚህ ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ ጭኜ ቤቴ ገባሁ። የዛሬውን እራት የሠራሁት ራሴ በፈለጥኩት እንጨት ነው።

እናንተስ ሰው እየሳቀባችሁ እምቢ ብላችሁ የቆማችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።