መርዶ የጫነች አዲስ መኪና

አባቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። ጉልበቱ እስኪደክም የሰው መኪና ነዳ፤ ከደከመ በኋላ ደግሞ አዳማ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስለ መኪና አወራ። እኔ በስደት በምኖርበት በኮሎምበስ ከተማ አዲስ መኪና ልገዛ ነው ስለው ከእኔ በላይ እንቅልፍ ያጣው እሱ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ 2021 ነበር፤ በኮሮናው ምክንያት አዲስ መኪና እንደ ልብ የማይገኝበት ዘመን። ተራ ይዤ ወራት ስጠብቅ፣ በደወልኩ ቁጥር ደኅና ነሽ ወይ እንኳ ሳይል «መጣች?» ነበር የሚለኝ። በመጨረሻ አንዲት ግራጫ፣ አነስ ያለች ኤስዩቪ መጣችልኝ።

«በይ እንግዲህ አደራሽን» አለኝ። «የመጀመሪያውን ረጅም መንገድ ለደግ ነገር ንጂባት። መኪና እንደ አጀማመሯ ናት።»

የሹፌር እምነት ነው። እሺ አባባ አልኩት። ወር እንኳ ሳይሞላ ሞተ።

የሰማሁት ሐሙስ ቀን፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ሥራዬ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ ያን ቀን ኒር ኢስት ሳይድ የሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ቤት ሾርባ እያበላሁ ነበር። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ደወለ። በሥራ ሰዓት ደውሎ አያውቅም።

«አባባ ዐረፈ» አለኝ። «ሌሊት፣ በተኛበት። ቻይው እንግዲህ፤ ታላቅ አንቺ ነሽ።»

ታላቅ መሆን ምን ዓይነት እርግማን ነው በሉኝ! እኔስ አባት አልሞተብኝም? አልቅሺ እንኳ ሳይለኝ ወደ ትእዛዙ ገባ። ታናሽ እህታችን እንዳትሰማ። በስልክ ማርዳት ነውር ነው። ቅዳሜ በመኪና ይዘሻት ነይ፤ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ቄሱና ሽማግሌዎቹ እኔ ቤት መጥተው በወጉ ይነግሯታል። አዳማ ያሉትንም አስጠንቅቄያለሁ፤ ፌስቡክ ላይ ማንም ምንም እንዳይለጥፍ ብያለሁ። ይሄን ሁሉ ሲል እኔ ማንኪያውን እንደያዝኩ ነኝ። ስልኩን ዘጋሁና ሾርባውን አብልቼ ጨረስኩ። አሮጊቷ ዛሬ ዝም አልሽ አሉኝ። ራሴን አሞኝ ነው አልኳቸው።

በወንድሜ ብናደድም፣ ስለ ታናሻችን ግን ልክ ነበር። እናታችን የሞተች ጊዜ እሷ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። በዚያ ግርግር መሐል የነገራት ሰው አልነበረም፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጃችን ላይ የተተከለውን ድንኳን ከሩቅ አይታ ነው ያወቀችው። ድፍን አንድ ክረምት ከሰው ጋር አልተነጋገረችም። ከዚያ ያወጣት አባቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን እሱ ነበር የሚጎነጉናት፤ በዚያ መሪ ባሻከረው እጁ የሠራው ሹሩባ ሰፈሩን ሁሉ ያስቅ ነበር። አሁን ደግሞ የእሱን ሞት እንደዚያ በድንገት፣ ሰው ሳይይዛት ከሰማች ምን እንደምትሆን ማሰብ ፈራሁ። ሁለተኛ እንዲህ አይደረግባትም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

የምንኖረው አብረን ነው፣ ከተማው ዳር፣ ሂሊያርድ። እሷ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ያለ ጫማ ቤት ትሠራለች። ዓርብ ማታ ከሥራ ስትገባ ጠብቄ፣ «መኪናዋን ለምን ረጅም መንገድ አንሞክራትም? ነገ ወንድማችን ጋ እንሂድ» አልኳት።

«እትዬ፣ አር ዩ ሲሪየስ?» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ እኮ ከቤተ ክርስቲያንና ከሥራ ሌላ የትም የማልሄድ ሰው ነኝ። እዚያው ቆማ አለቃዋን ቴክስት አድርጋ ፈቃድ ወሰደች።

እሷ ሻወር ስትገባ እኔ ጋራዥ ወረድኩ። ለሁለታችን ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ነጠላ በፌስታል ጠቅልዬ የትረንኩን፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውን፣ ወለል አነሳሁና ከስኮርታው ጎማ አጠገብ ሸጎጥኩት። ሻጩ ይሄን ቦታ ሲያሳየኝ ለድብቅ ዕቃ ይሆናል ብሎ ቀልዶ ነበር።

ጠዋት ወጣን። ቀኑ ብራ ነበር፤ እንዲያውም ያን የመሰለ ቀን በዚያ በጋ አላየሁም። እሷ ስልኳን ከመኪናዋ ጋር ፔር አድርጋ ሙዚቃ ለቀቀች፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች፣ ቁልፉን ሁሉ ትነካካለች። ወንበሩ ይሞቃል፣ ጣራው ይከፈታል፣ እትዬ ይሄን አይተሻል? እኔ ጥቁር መነጽሬን አድርጌ መሪውን ጨብጫለሁ።

«ኧረ ቀስ! አንቀሽ ልትገይው ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አዲስ ስለሆነብኝ ነው።»

ከዜንስቪል እንዳለፍን ዓይኔ በእንባ ተሞላና መስመር ሳትኩ። መኪናዋ መሪውን እያንቀጠቀጠች ጮኸችብኝ። ትንሽ ቆየት ብላ ዳግመኛ። ከዚያ መስታወቱ ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ የስኒ ሥዕል በራና ዕረፍት ውሰጂ የሚል ጽሑፍ መጣ።

እህቴ በሳቅ ፈረሰች። «መኪናዋ ራሷ አላምንሽም አለች! ለአባባ ነው የምነግረው። የሹፌር ልጅ ሆነሽ!»

ሳቅሁላት። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም። አባቴ ከተቀበረ ገና አንድ ቀኑ ነው፤ እኔ ከልጁ ጋር እየሳቅሁ በአዲስ መኪና እነዳለሁ። የዚያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

ዌስት ቨርጂኒያ ስንገባ የፈራሁት መጣ። «ለአባባ ቪዲዮ ኮል ላድርግለት። ቅዳሜ መኪናዋን አሳይሃለሁ ብዬዋለሁ።»

«ተይ እስኪ፣ እዚህ ኔትወርክ አይኖርም።»

ቆየችና ደግሞ አነሳችው። ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ይሆናል አልኳት። ቆየችና ደግሞ። መብራት ጠፍቶባቸዋል፣ ወንድማችን ነግሮኛል አልኳት። ቆየችና ደግሞ። ተኝቶ ይሆናል።

«በዚህ ሰዓት? እዚያ እኮ ገና አመሻሹ ነው። ምን ሆነሻል አንቺ?»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ሜሪላንድ ተራሮች ላይ ስንደርስ የቋጠርኩት ዳቦ ገና አልተነካም፤ ውሸቴ ግን አልቆ ነበር።

ተራራው አናት ላይ ማረፊያ ስላለ ገባን። መኪናዋን ያቆምኩት ሸለቆው ወለል ብሎ በሚታይበት በኩል ነው። ሽንት ቤት ልግባ ብዬ ወረድኩ። ማስክ ደግ ነገር ነው፤ ማስክ አድርጎ ቢያለቅሱ ማንም አያይም። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ እህቴ ወደ ሹፌሩ ወንበር ተዛውራለች፣ ሞተሩ ተነሥቷል።

«ቪዲዮው እምቢ አለ፤ በኖርማሉ ኮል እያደረግኩት ነው» አለችኝ።

ጎኗ ገባሁ። ትልቁ ስክሪን ላይ «አባባ» ይላል። የስልኩ ጥሪ ከአራቱም በሮች ይሰማል።

«ዝጊው!» አልኳት።

«ዋት?»

ስልኩ ተነሣ። «ሃሎ» አለች እህቴ።

ያነሱት የጎረቤታችን እናት ናቸው፤ እማማ እያልን ያደግንባቸው። ለካ ወንድሜ «ቅዳሜ እኔ ጋ ትመጣለች፤ እስከዚያ ደብቁልን» ብሏቸው ኖሮ፣ እሳቸውም ቅዳሜው መሽቷል፣ እንግዲህ ተረድታለች ብለው ነው።

«ልጄ! የኔ ሚስኪን!» አሉ። ድምፃቸው መኪናዋን ሞላው። «እግዜር ያጽናሽ። ሳትሰሚ መዋል ማደርሽ አንጀቴን ሲበላኝ ነበር፤ እንኳንም ተነገረሽ።» ከኋላቸው የድንኳን ውስጥ ሰው ጉምጉምታ ይሰማል።

እጄን ወደ ስክሪኑ ሰደድኩ። የቱ ነው የሚዘጋው? ይሄን ሁሉ ቁልፍ ምን አስደረደራቸው! አንዱን ስነካ ድምፁ ባሰበት። ሌላውን ስነካ ደረቁን መስታወት መጥረጊያው ይፍቀው ጀመር። እማማ ቀጥለዋል፤ ቀብሩ እንዴት እንዳማረ፣ የሹፌር ጓደኞቹ ሳይቀሩ ከየትና ከየት እንደመጡ።

እህቴ ስክሪኑን እያየች፣ «እማማ፣ አባባ የት አለ?» አለች።

ከዚያ «ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» አሉና ስልኩ ተቋረጠ። መጥረጊያው ብቻ ወዲያና ወዲህ ይላል።

እህቴ ሞተሩን አጠፋች። ወደ እኔ ዞራ ፊቴን አየች፤ መነጽሬን አላደረግኩም ነበር። በሩን ከፍታ በባዶ እግሯ ወረደችና ሣሩ ላይ ወደቀች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ሽርሽር የመጣው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ውሻ የያዘች አንዲት ነጭ ሴትዮ ሮጣ መጣች፣ አምቡላንስ ልጥራ ወይ አለችኝ።

«አባታችን ሞቶ ነው» አልኳት በእንግሊዝኛ።

ቃሉን ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነው፤ ለማላውቃት ሴትዮ፣ በሰው አገር ቋንቋ። ሴትየዋ አይዞሽ ብላ የያዘችውን ውኃ ሰጠችኝና ፈቀቅ ብላ ቆመች።

እህቴ ልይዛት ስል ገፈተረችኝ። «ታውቂ ነበር! ጠዋት ሙሉ ሙዚቃ ስከፍት ታውቂ ነበር!»

«እንደ እማዬ ጊዜ እንዳይሆንብሽ ብዬ ነው። ሰው ባለበት፣ በወጉ እንድትሰሚ ብዬ ነው።»

«እንደሱ ሆነ እኮ!» አለችኝ። «ኢግዛክትሊ እንደሱ ነው የሆነው!»

ወንድሜን ረገምኩ፣ ወጉንም ረገምኩ፣ መኪናዋንም ረገምኳት። አጠገቧ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩና፣ ሌሊት በተኛበት እንዳረፈ ነግሬያት፣ እስኪወጣላት ጠበቅኋት። ጥላው ሸለቆው ውስጥ ዞሮ፣ ያቺ ውሻ የያዘችው ሴትዮ ሄዳ፣ ሌሎች መኪኖች መጥተው ሄዱ። በኋላ ላይ ድምፅዋ ሲሰልል ተነሣሁ። ወንድሜ ቤት በለበሰችው ቀይ ሹራብ አትገባም። ትረንኩን ከፍቼ ወለሉን አነሳሁና ፌስታሉን አወጣሁት።

እሷም ተከትላኝ መጣች። ጥቁሩን ቀሚስ ተቀበለችኝ፣ ከዚያ ሁለተኛውን አየች። ነጠላዎቹን አየች፤ እነሱም ሁለት ናቸው።

«አንቺስ?» አለችኝ።

«እኔ ምን?»

«አንቺን ማን አረዳሽ? ማን ነበር አብሮሽ?»

ያን ሰሞን ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወንድሜም አልጠየቀኝ፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩ።

«ማንም» አልኳት። «ሥራ ላይ ነበርኩ። ሾርባ እያበላሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አብልቼ ጨረስኩ።»

ጉንጯ በእንባና በአቧራ ተዥጎርጉሯል። ከዚያ ክንዴን ይዛ ክፍት የሆነው ትረንክ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችኝ። አንዱን ጥቁር ነጠላ ዘርግታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና ፊት ለፊቴ ቆመች። እኔ ጋ የመጣችው በልጅነቷ ነው፣ ያለ እንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አትጨርስም፤ መርዶም ሲነገር አይታ አታውቅም። ሽማግሌዎች እንዲህ ይላሉ ብሎ የነገራት የለም። ግን ሁለት ትከሻዬን ግጥም አድርጋ ያዘችኝ፣ እንዳልወድቅ።

«እህቴ» አለች። «በርቺ እሺ? አባታችን ዐርፏል። አልተሠቃየም፣ በተኛበት ነው። እግዜር ያጽናሽ።»

ከሐሙስ ጀምሮ የማውቀውን ነገር ያን ጊዜ ሰማሁት። «አባባ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ተራራውም ሰማ፣ ሰዉም ዞሮ አየ፤ እሷ ትከሻዬን አልለቀቀችም።