ፈነት የቀናችበት ይቅርታ

ፈነት በሰው ቤት ወይም በሰው መኪና ስትቀና አይቼ አላውቅም። የቀናችው በሰው ይቅርታ ነው።

የምትሠራው ብሉሚንግተን ውስጥ፣ ከአየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ማይ የምትባል የሞንግ ተወላጅ ባልደረባ አለቻት፤ ወላጆቿ ከላኦስ ተሰደው ሴንት ፖል የገቡ ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018፣ በረዶው ቀልጦ እንዳለቀ፣ አንድ የቴሌቪዥን ቀልደኛ በሞንጎች ስምና ሠርግ ተሳለቀ። ሞንጎቹ የጣቢያውን ስልክ አጨናነቁት። በሳምንቱ ሰውየው በዚያው ፕሮግራም ላይ ቀርቦ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አለ። ማይ ይህንን በምሳ ሰዓት በስልኳ ለፈነት አሳየቻት።

«እስቲ ድገሚው» አለች ፈነት።

ማይ ደገመችላት።

«እስቲ አሁንም።»

«ምነው፣ ዘመድሽ ነው እንዴ?» ብላ ማይ ሳቀችባት።

ፈነት አልሳቀችም። ያን ቀን አንሶላ ስታጥፍ ከማይ ጋር አላወራችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ሆርዶፋ ሮቢንስዴል ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነው። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የተማረው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ፣ የጸሎት መጽሐፍ በማንበብ ነው። ወንዱን በሴት፣ ሴቲቱን በወንድ ይጠራል። በጽዋ ማኅበራችን መጽሐፉን በየተራ ካነበብን በኋላ የሚመርቀን እሱ ነበር። «እመቤታችን ይጠብቀን» ይላል። እኛም አሜን እንላለን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ክፍሌ የሚባል ያገራችን ሰው ደግሞ ቀን ፕሊማውዝ ውስጥ በመጋዘን ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በኬብል ቻናል የአማርኛ ቀልድ ያቀርባል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ሰው ሲመጣ አየር ማረፊያ ሄዶ የሚቀበል ነው። ለገና ጋሽ ዋቁማ የሚባል ዘበኛ ፈጠረ። ጋሽ ዋቁማ ኮቱ ሰፊ ነው፣ «ሚስቴ መጣ፣ አባቴ ታመመች» ይላል። ሰው ስለሳቀ በየሳምንቱ አቀረበው። ብዙ ሳይቆይ ጎረምሶቹ ሆርዶፋን ከአበሻ ሱቅ ሲወጣ እያዩት «ጋሽ ዋቁማ፣ ሚስትህ መጣ?» ይሉት ጀመር።

ሆርዶፋ አልተቆጣም። በሚቀጥለው ማኅበር ግን መጽሐፉ ሲደርሰው ሳያነብ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው አሳለፈው፤ ምርቃቱንም ለሌላ ተወ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። አማርኛ ተናጋሪ ሲያገኝ አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። ፈነት የፈለገችው የባሏ ድምፅ እንዲመለስ ነበር።

«ሰው ሲያገባ፣ ቤት ሲገዛ እልል ብያለሁ» አለችኝ አንድ ቀን። «በማይ ግን አንጀቴ ተቃጠለ። ያን ሞንጎቹን የሰደበውን ፕሮግራም እኮ እሷ አላየችውም፤ ተኝታ ነበር። ለተኛች ሴት ይቅርታ ተጠየቀላት። እኔ ነቅቼ፣ ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ ነው የክፍሌን ያየሁት።»

ልጇ ኢብሲቱ «ማም፣ ሌት ኢት ጎ። ኢትስ ጀስት ኮሜዲ» አለቻት፤ እርሺው፣ ቀልድ ብቻ ነው ማለቷ ነው።

«ባለፈው ዓመት ያ የክፍልሽ ልጅ በፀጉርሽ ሲስቅ፣ ለርዕሰ መምህሩ ሄደሽ የተናገርሽው አንቺ አይደለሽም?»

ፈነት እንዲህ ስትላት ኢብሲቱ ወደ ክፍሏ ገባች።

ፈነት ክፍሌ ጋ ደወለች።

«እትዬ ፈነት፣ በክፋት እኮ አይደለም» አላት። «በሁሉም እቀልዳለሁ። በጎጃሜውም በጉራጌውም።»

«በራስህ አነጋገርስ?»

«የኔ አነጋገር ምን የሚያስቅ አለው?» አለና ወዲያው የገዛ ቃሉ ከነከነው።

ከቀናት በኋላ ሽማግሌ ላከ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌው ጋሽ ንዋይ እየመሩት፣ ብርቱካንና ለስላሳ ይዞ እነፈነት ቤት መጣ። ሆርዶፋ ፊት ዝቅ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል ሆርዶፋ ትከሻውን ይዞ አነሣው። በእኛ ወግ ነገሩ እዚያ ላይ አልቋል። ጋሽ ንዋይም ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ።

«ስድቡን አገር አይቶታል» አለች ፈነት ቆማ። «ይቅርታውን ያየው ግን ይህ ሶፋ ብቻ ነው።»

«ልጄ፣ በሽማግሌ ያለቀ ነገር አይቀሰቀስም።»

«ለማይ በቴሌቪዥን ነው የተጠየቀላት።»

ጋሽ ንዋይ ዞር ዞር ብለው አዩ። «ማይ የማን ልጅ ናት?»

ፈነት ፊቷ እየቀላ የማይን ታሪክ ነገረቻቸው። ክፍሌ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። «እነሱ ትልቅ ጣቢያ ነው ያላቸው፣ እትዬ። እኔ ያለኝ ሚስቴና አንድ ካሜራ ነው።»

«አንድ ካሜራ ይበቃል።»

ቅዳሜ ፈነት፣ ሆርዶፋና ክፍሌ ስቱዲዮ ተገኙ። ከካሜራው ኋላ የክፍሌ ሚስት ትሕትና ቆማለች። ክፍሌ ያን ሰፊ ኮት አልለበሰም። «በአንድ ሰው አነጋገር አስቄያችኋለሁ። ያ ሰው እግዚአብሔርን በዚያ አነጋገር ሲያመሰግን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ሌሎች ነገሩኝ። አጥፍቻለሁ» አለ። ከዚያም መጋዘን ውስጥ ከሥራ ባልደረባው ሲያጠና የሰነበተውን ኦሮምኛ ጀመረ። ወንድሜ ለማለት ኦቦሌሳ ኮ ማለት ነበረበት። «ኦቦሌቲ ኮ ሆርዶፋ» አለ፤ እህቴ ሆርዶፋ ማለት ነው።

የሆርዶፋ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ፈነት የሚያለቅስ መሰላት። እየሳቀ ነበር።

«ምን አልኩ?» አለ ክፍሌ ደንግጦ።

«እህትሽ አደረግሽኝ እኮ» አለው ሆርዶፋ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው ፊት በአማርኛ።

ክፍሌም ሳቀ፤ ዓይኑን እየጠረገ «በል ልድገመው፣ ጋሼ» አለ።

«ተዪው።»

ፈነት ግን አልሳቀችም። ደውላ፣ ተከራክራ፣ ሽማግሌ ፊት ቆማ እዚህ ያደረሰችው እሷ ናት፤ ሁለቱ ወንዶች ግን እሷን ትተው እንደ ልጅነት ጓደኛሞች ይሳሳቃሉ። «በሳቃቸውም ቀናሁ» አለችኝ ኋላ ስትነግረኝ። ለዚያውም የፈለገችው የማይን ዓይነት፣ ቃል ያልተሳሳተበት ይቅርታ ነበር።

«ይደገም» አለች። «ሰው ይስቅብናል።»

ሆርዶፋ መሳቁን ትቶ አያት። በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «የሚደገመው ለእኔ ነው ወይስ ለማይ?» አላት።

ፈነት ወደ ካሜራው ዞረች። ትሕትና እጇን ካሜራው ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። «እንዳለ ይተላለፍ» አለች ፈነት በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

እንዳለ ተላለፈ። ጋሽ ዋቁማም ከዚያ ወዲህ አልታየም። አንዳንዶች ክፍሌን ፈሪ አሉት፤ አንዳንዶች ደውለው አመሰገኑት። ሰኞ ፈነት ቪዲዮውን ለማይ ከፈተችላትና ስሕተቱን አስረዳቻት። ማይ ለረጅም ጊዜ አየችው። «እኛን ይቅርታ የጠየቀው ከወረቀት ነው ያነበበው» አለች። ፈነት ያን ቀን ምሳዋን ጨርሳ በላች። የማይ ይቅርታ ከእኔው አነሰ ብሎ መደሰት ለክርስቲያን አይገባም ብላ ለንስሐ አባቷ ነግራለች።

በሚቀጥለው ማኅበር እኛ ቤት ተሰበሰብን። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሆርዶፋ ጋ ደረሰ። ጉልበቱ ላይ አድርጎ መነጽሩን ፈለገ፣ አገኘው፣ ገጹን ገለጠና ማንበብ ጀመረ። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ሰርቄ ሳይ ፈነት ብቻ ቀና ብላ፣ ማን ፈገግ እንደሚል የእያንዳንዳችንን ፊት ትጠብቅ ነበር።