የሚያጉረመርመው ሸክላ ማጫወቻ

ጋራዥ ሲሠራ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። «አጥብቀው» ነበር የሚሉት። በር ተንቀጫቀጨ ሲባል፣ ጭስ ማውጫ ጮኸ ሲባል፣ የእሱ መልስ አንድ ነው፦ «አጥብቀው!» አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነበር። ጡረታ ሲወጣ የወንበሩን እግር፣ የድስቱን እጀታ፣ የመስኮቱን ማጠፊያ ሁሉ አጥብቆ ጨረሰ። እጁ ሥራ ፈትቶ ሳለ ሸክላ ማጫወቻው ቤት ገባ።

ማጫወቻው የሚስቱ የአባቷ ቤት ዕቃ ነው። ታላቅ እህቷ ለዓመታት አልጋ ሥር ደብቃው ኖራ ከአንድ ሸክላ ጋር አመጣችው፤ እንዲሁ ግን አልሰጠችም።

«እሑድ መጥቼ እሰማዋለሁ» አለች። «በደንብ ከዘፈነ የእናንተ ነው። ካልሆነ አማቼ ለሱቁ ማሳመሪያ ፈልጎታል።»

እህቷ ስትወጣ ሚስቱ ወደ እሱ ዞራ፣ «ስማ፣ ይሄ ዕቃ ከዚህ ቤት አይወጣም» አለች። እሱም ካቻቢቴውን አነሳ።

አቧራውን ጠረገ፣ ሞተሩን ዘይት ቀባ። ከላይ፣ ሳህኑ የሚሽከረከርበት ጣውላ ላይ፣ ሦስት ትልልቅ ብሎኖች ላልተው አገኘ። «ይኸውልሽ በሽታው!» አለና አንዱም እስከማይነቃነቅ ድረስ አጠበቃቸው።

መርፌው ሸክላው ላይ አረፈ። ዘፈኑ መጣ፤ ከሥሩ ግን «እምምም» የሚል ድምፅ አብሮ መጣ። መግቢያው ላይ ቀስ ብሎ የሚጀምረውን ዋሽንት ዋጥ አደረገው።

«ሰውየው ከባድ መኪና ላይ ተጭኖ ነው እንዴ የዘፈነው?» አለች ሚስቱ።

ሶኬት ቀየረ። ሽቦውን አራቀ። ከማቀዝቀዣው አጠገብ አንስቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ብርድ ልብስ አጥፎ ከሥሩ አነጠፈ። ብሎኖቹን እንደገና ፈተሻቸው፤ ጥብቅ ናቸው። ጉርምርምታው ንቅንቅ አላለም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ላቡ ጠብ እስኪል ሲታገል ቆየና የጋራዡ ዘዴ ትዝ አለው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። እምምም። ይሄ ያለ ነው፤ ሞተር ሞተር ነው። ጫፉን ወደ ጣውላው አዞረ። ያው እምምም። መርፌውን የተሸከመው ክንድ ሥር አደረገ። ያው።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ። «ድምፁ ግን በጣውላው በኩል መርፌው ጋ ይደርሳል። ለምን እንደሆነ ነው ያልገባኝ።»

«ድሮ ጣውላው በጣት ሲነካ ይወዛወዝ ነበር» አለች ሚስቱ። «አባባ ‹አትነካኩት› እያለ ይቆጣን ነበር።»

ጣውላውን ተጫነው። ድንጋይ ነው። ጎንበስ ብሎ በጣውላው ጠርዝ ባለው ክፍተት አየ፤ ከሥር ያሉት ሞላዎች ተጨፍልቀው ተኝተዋል። ሞላዎቹ ጣውላውን አንሳፍፈው የሞተሩን ንዝረት እንዲውጡ ነበር የተሠሩት። ብሎኖቹ ደግሞ ዕቃው ሲጓዝ እንዳይናጥ ብቻ የሚጠብቁ ናቸው። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ምነው?»

«እኔው ነኝ ያሰርኩት።»

«ውይ፣ አጥብቀው!» ሳቋ እስኪያንቃት ሳቀች። «በል ፍታው፣ እትዬ ደርሳለች።»

መፍታቱ ግን ቀላል አልሆነም። እጁ እምቢ አለ።

«አንድ ዙር ይበቃል።»

«ጨምር።»

«ይወልቃል እኮ!»

«ጨምር አልኩህ! ሲመጣ እንደነበረው አድርገው።»

ሦስተኛውን ሲያላላ በሩ ተንኳኳ።

ታላቂቱ ኮቷን ሳታወልቅ ስፒከሩ አጠገብ ያለው ደህና ወንበር ላይ፣ የእሱ ወንበር ላይ፣ ተቀመጠች። ሚስቱ መርፌውን አስቀመጠች። ጉርምርምታው የለም። ዋሽንቱ ብቻውን ወጣ።

ሸክላው እስከ መጨረሻው ዞረ።

«ምን አደረግከው?» አለች ታላቂቱ።

«እትዬ፣ አላላሁት።»

«አንተ? አላላህ?» ወደ እህቷ ዞረች። «አሞታል እንዴ?» ከዚያ ኮቷን አውልቃ፣ «ገልብጡት፤ ሌላኛውን ገጽ አልሰማሁም» አለች።

ማጫወቻው እዚያው ቀረ። ታላቂቱም በየእሑዱ መምጣት ጀመረች፤ በሁለተኛው ሳምንት ከባድ ዘንቢል ይዛ። ከአልጋዋ ሥር የሸክላ ክምር ኖሯል፤ ትንፍሽ አላለችም ነበር። አመሻሹ ላይ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ወደ ዘንቢሉ ስትመልስ፣ አሁን በርጩማ ላይ የሚቀመጠው አጥብቀው፣

«እዚሁ ቢቀሩስ፣ እትዬ?» አላት።

«ማጫወቻው ነው የእናንተ» አለችው። «ሸክላው የእኔ ነው።»

ዘንቢሉን እስከ መንገድ ተሸክሞ ሸኛት።