ጀልበኛው ማን ነው?

የእስር ቤቱ በር ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ፊት ሳይሆን እግር ነበር። ክፍሉ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ስለሆነ ሁሉም ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። የላብና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ አፈነኝ። የት እንደምቀመጥ ግራ ገብቶኝ ስቆም አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ና ልጄ፣ ዘንዶው ሐይቁ ጋ ሊደርስ ነው፤ ተቀመጥና ስማ" አሉኝ።

ያበዱ መስሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያ ክፍል የራሱ ልማድ ነበረው። አመሻሽ ላይ ተራ የደረሰው ሰው ተረት ይነግራል። ታዲያ ተረቱ ሁሉ ሽማግሌው በፈጠሩት አንድ አገር ውስጥ መሆን አለበት። ስሙ የጭጋግ አገር ነው። ሌላው የተናገረውን ማፍረስ ክልክል ነው፤ አንዱ ዘንዶ ካመጣ ዘንዶው የሁላችንም ነው። ሐይቅ ሕፃን ልጇን የወሰደባት ንግሥትና ፊቱን በጨርቅ የሚሸፍነው ጀልበኛ የሽማግሌው ፈጠራዎች ነበሩ። ሽማግሌውን ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር።

ቀን ቀን ሥራችን የእነዚህን ሰዎች ዝምድና መፈለግ ሆነ። ከሁሉም በላይ ያከራከረን ጀልበኛው ነው። ባንክ ቤት ይሠራ የነበረ አንድ ጎረምሳ "ሞተ የተባለው ንጉሥ ነው!" ብሎ ድርቅ አለ። ሌላው "ዘንዶው ራሱ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ታይተው ያውቃሉ?" ይለዋል። በማታው ተረት ግምቱ ውድቅ የሆነበት ሰው በበሩ ስንጥቅ አየር የሚያገኝበትን ተራውን ያጣል። ጋሼ ፈገግ ብለው ያዳምጣሉ እንጂ ማንንም ልክ ነህ አይሉም።

ከመካከላችን አንዱ ወሬ አቀባይ ነበር። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለምርመራ ስጠራ መርማሪው ገና ከመቀመጡ "ጀልበኛው ማን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ሳቅሁ። የሳቁን ዋጋ ውስጥ እግሬ ከፈለ።

ጀልበኛው ሰው በድንበር የሚያሻግር፣ ንግሥቲቱ ከውጭ የምታዝዝ ሴት፣ ዘንዶው ደግሞ የተደበቀ መሣሪያ መስሎታል። ተረት ነው ስለው "ተረትነቱንማ አውቃለሁ፤ ከኋላው ያለውን ነው የምጠይቅህ" ይላል። ጋሼንም ጠርቶ በዚሁ ጠየቃቸው። ሲመለሱ ሳል ይዟቸው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው መጨረሻውን፣ ጀልበኛው ማን እንደሆነም ጭምር ነገሩኝ።

"ከወሰዱኝ አንተ ጨርስላቸው" አሉኝ። "ሰውን አንጠልጥሎ መሄድ ነውር ነው።"

ወሰዷቸው። ብርድ ልብሳቸው ቀረ፣ እሳቸው አልተመለሱም።

ከዚያ በኋላ መርማሪው እንደገና ጠራኝ። ባልደረባው ወጣ ሲል ወንበሩን ወደኔ ሳበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጀልበኛው የንግሥቲቱ ልጅ ነው፤ አይደል? ሐይቁ አልገደለውም። ፊቱን የሚሸፍነው እሷን ስለሚመስል ነው።"

ቀና ብዬ አየሁት። ለክስ የሚጠይቅ ሰው ዓይን አልነበረውም። ለካስ በወሬ አቀባዩ አፍ ተረታችንን እንደኛው ሲከታተል ኖሯል! ጋሼን ካስወሰደ በኋላ ተረቱ ተቋረጠበት።

"ንገረኝና ለእናትህ ትደውላለህ" አለኝ።

እናቴ ያለሁበትን አታውቅም ነበር። ድምፄን ብትሰማ ምን እንደምትሆን አሰብኩ። "አላውቅም" አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ውሸት የለም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሁሉንም አወጣሁላቸው። መጨረሻውን እንደማውቅ፣ መርማሪው እንደሚፈልገው፣ ለእነሱ የነገርኩት ሁሉ እሱ ጋ እንደሚደርስ ነገርኳቸው። የጋሼ አደራ እንዳለብኝም አልደበቅሁም።  በጀልበኛው ነገር እንቅልፍ ያጣው የባንክ ቤቱ ልጅ ነው መጀመሪያ የተናገረው።

"እኛም ይቅርብን፣ እሱም ይቅርበት።"

አንድም ሰው አልተቃወመም። ወሬ አቀባዩም፣ ማንም ይሁን ማን፣ እዚያው መካከላችን ተቀምጦ በእሺታ ራሱን ነቅንቋል።

ከአገር ወጥቼ አሁን የምኖረው ኢንግልዉድ ነው፤ ኤርፖርት አጠገብ ፓርኪንግ እሠራለሁ። በቅርቡ አንድ እሑድ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ የአገራችን ምግብ ቤት ምሳ እየበላሁ ሳለ አንድ ሰው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ድምፁ ግን ያው የመርማሪዬ ድምፅ ነው።

"አወቅኸኝ?"

"አወቅሁህ።"

ሳልጋብዘው ተቀመጠ። ይቅርታ የሚል ቃል ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ።

"ስማ ወንድሜ፣ ያለፈው አልፏል፣ ኦኬ? አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ልጄ ኮሌጅ ናት። ትንሽ ሆና ያንን የጭጋግ አገር ተረት እነግራት ነበር። ሶ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ጽፋ ኦንላይን ፖስት አደረገችው። ሰው አበደልህ! ቲዮሪ ነው የሚጽፉት፤ ይሄ የዚያ ወንድም ነው፣ ያቺ የዚህ እናት ናት እያሉ። አሁን 'ዳዲ፣ ጀልበኛው ማን ነው? ፊኒሽ አድርገው' እያለች መውጫ አሳጣችኝ።"

"የማን ተረት ነው አልካት?"

የጨው ዕቃውን አዟዟረ። "የኔ።"

ደሜ ፈላ። የጋሼን አፍ አዘግቶ፣ ከዚያ አፍ የወጣውን ልጁን አስተኝቶበታል።

"ጋሼስ?"

"የወሰድኳቸው እኔ አይደለሁም። ኦርደር ነበር።"

"የት?"

 አስተናጋጇ መጥታ ምን ልታዘዝ አለችው፤ ምንም አላት።

"ልጅህን እዚህ ይዘሃት ና" አልኩት። "ተረቱን ከማን እንደሰማህ፣ እንዴት እንደሰማህ፣ ባለቤቱ የት እንደደረሱ እኔ ፊት ንገራት። መጨረሻውን እዚያው እኔ እነግራታለሁ።"

"እሱን እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? ልጄ ናት እኮ!"

"እንግዲያው ይቅርብህ።"

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተነስቶ ሄደ። አላዘንኩለትም፤ ደስ አለኝ። ምሳዬን ጨርሼ ሌላ እንጀራ አስጨመርኩ። የንስሐ አባቴ ይቅር በል ይሉኛል። እሺ አባቴ እላለሁ፤ ግን ይቅር አላልኩም።

የልጅቷን ገጽ ፈልጌ አገኘሁት። ግምቶቹን ሥራ ላይ መኪና ሳይበዛ አነባለሁ። አንዳንዶቹ ብልህ ናቸው። ጋሼ ቢያዩት ይስቁ ነበር እያልኩ አንብቤ እዘጋዋለሁ። ምንም አልጻፍኩበትም፣ አልጽፍበትምም። እሷ ምንም አላጠፋችም። አማርኛ ማንበብ ትችል እንደሆነም አላውቅም።

እሱ ግን ይችላል። ይህንንም ያነበዋል። መልሱን አንድ ቦታ አሾልኬው እንደሆነ ብሎ ተመልሶ ይፈልጋል። አላሾለክሁም። ያን ቀን የነገረኝ ግምት ልክ ይሁን ስህተት አልጻፍኩም። አንተንም አንባቢዬ አንጠልጥዬሃለሁና ይቅርታህን እጠይቃለሁ፤ ከእሱ ጋር አብረህ መንጠልጠልህ ነው።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ምግብ ቤት ነኝ። ልጁን ይዞ ይምጣ።